የአያ ይማምና የኔ ደም በአንድ ፔርሙስ

በገንዘቡ የሚኮራውን ሌባ ያስተምረዋል፤ በጉልበቱ የሚኮራውን እርጅና ያስተምረዋል። በጤናው የሚኮራውን ማን እንደሚያስተምረው የማታውቁ ካላችሁ ቀረብ በሉ፤ እኔ ተምሬ ጨርሻለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁና ይለይልን፤ እኔ ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፤ ነጎድጓድ እፈራለሁ። በዚያ በደርጉ ዘመን ደግሞ ስብሰባ እፈራ ነበር፤ ከስብሰባ መቅረትን ግን ከስብሰባውም የበለጠ እፈራ ነበር። መርፌማ አይነሣብኝ! እንጀራዬ ሆኖ የምሠራው ግን ደሴ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪም እንዳልመስላችሁ፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። መርፌ የማውቀው በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ ነው። በካርቶን ውስጥ እስካለ ድረስ እኔና መርፌ ተከባብረን እንኖር ነበር።

ታዲያ የፈሪ ሰው አፍ አያርፍም። በሻይ ክበቡ ተቀምጬ፣ "ኧረ ተዉኝ እናንተ፣ እኔ ጉንፋን እንኳ ደፍሮኝ አያውቅም!" እያልኩ ስደነፋ ዶክተር ክላውስ ሰማኝ።

ዶክተር ክላውስ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ፣ ረጅም፣ ጸጉሩ የስንዴ ገለባ የመሰለ ሐኪም ነው። አማርኛውን የለመደው ከነርሶቹ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የሚለው። አንድ ትልቅ ጓድ ሆስፒታሉን ሊጎበኝ የመጣ ዕለት፣ "ጓድ፣ አንቺ የደም ግፊት አለሽ" ብሎት ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ቀርቶ ነበር።

"አንቺ ጤነኛ ነሽ?" አለኝ።

"እንደ ብረት!" አልኩት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው ይኸው ነው።

"እንግዲያው ደምሽን ስጪኝ።"

ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዶች ክፍል ውስጥ አያ ይማም የሚባሉ የኩታበር ሽማግሌ ተኝተዋል። አያ ይማም አበጋር ናቸው። በኛ በወሎ አበጋር ማለት ሰው ተገዳድሎ ደም የተቃባውን ወገን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚያስታርቅ አባት ነው። ገዳዩም የሟች ወንድምም እኩል ይፈሯቸዋል፤ እርሳቸው ግን ከአላህ በቀር የሚፈሩት የለም። አሁን የጣላቸው እንቅርት ነው። አድጎ አድጎ ጉሮሯቸውን አንቆ፣ ሲተነፍሱ ፉጨቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። ኦፕራሲዮን መደረግ አለባቸው፤ አለዚያ አንድ ቀን ፉጨቱ ይቆማል። ሐኪሞቹ ለኦፕራሲዮኑ ሲዘጋጁ ግን አያ ይማም ባለፈው ዓመት አንድ ጥርስ አስነቅለው ደሙ አልቆም ብሎ ለሞት እንዳደረሳቸው ታወቀ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት አሁን አይደለም?

ችግሩ፣ አያ ይማም ለራስ ምታታቸው አስፕሪን እንደ ቆሎ የሚቆረጥሙ ሰው ናቸው። አስፕሪን ደግሞ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። እንግዲህ ጥፋቱ የአስፕሪኑ ይሁን፣ ወይስ ከፍጥረታቸው ያለ የደም ሕመም ይሁን አልለይ አለ። "አባቴ፣ ይተዉት" ሲሏቸው "እሺ" ይላሉ፤ ነርሷ ዞር ስትል ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ቀርጠፍ ያደርጋሉ።

ዶክተር ክላውስ ነገሩን በእጁም በአማርኛውም እየታገለ አስረዳኝ። በደማችን ውስጥ ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ቁራጮች አሉ። በየቁራጩ ውስጥ ደግሞ ከረጢቶች አሉ። ሰውነት ሲቆስል ቁራጮቹ ሮጠው ይሄዱና ከረጢታቸውን እዚያ ይደፋሉ፤ ደሙም ይረጋል። አንዳንድ ሰው ከረጢቱ ከእናት ካባቱ ባዶ ሆኖ ይፈጠራል፤ ያ ሰው ከተቀደደ ይፈሳል። ከረጢቱን ለማየት ግን የኛ ማይክሮስኮፕ አይበቃም። በኛ ማይክሮስኮፕ ማየት ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ደሴን ቁልቁል እንደማየት ነው፤ ጣሪያ ታያላችሁ፣ በቃ። በዶክተሩ አገር ያለው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚሉት ግን ጣሪያውን ገልጦ፣ ጓዳ ገብቶ፣ ጎታውን ከፍቶ "ዱቄት አለ፤ ዱቄት የለም" ይላል። ለማነጻጸሪያ የአንድ ጤነኛ ሰው ደምም አብሮ መታየት አለበት። ጤነኛው እንግዲህ እኔ ልሆን ነው።

ግራ ቀኙን አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ዶክተር፣ ይህ መሣሪያ ሐሳብም ያያል?" አልኩት።

"ሐሳብ የለም" አለና ሣቀ። "ከረጢት ብቻ።"

አላመንኩትም። ጓዳ የገባ እንግዳ ዓይኑን ዱቄቱ ላይ ብቻ አያሳርፍም። በዚያ ዘመን ደግሞ የእያንዳንዳችን ጓዳ ውስጥ ምን ምን ሐሳብ ተደብቆ እንደነበር ጓዳው ይቁጠረው።

ዶክተሩ ለዕረፍት አገሩ ሊሄድ ስለነበር ደሙን ራሱ ይዞት ሊበር ተስማማን። እርሱ ቀደም ብሎ ለስብሰባ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ ደሙ በጠዋት ተቀድቶ፣ ባለበት አድርቆ የሚያቆየው መድኃኒት ውስጥ ገብቶ፣ በበረዶ ተይዞ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ይላክለታል። የላቦራቶሪው ባለሙያ ቀዳን፤ መጀመሪያ አያ ይማምን፣ ቀጥሎ እኔን። የኔ ሲቀዳ አላየሁም፤ ራሴን ስቼ ነበር። ስነቃ አያ ይማም ከጎኔ ሆነው ግንባሬን ያራግቡልኛል።

"አብሽር ልጄ" አሉኝ፣ በፉጨታቸው መሐል። "ደምህን አይቼልሃለሁ፤ ወላሂ መልኩ ሸጋ ነው።"

አምቡላንሱ ቤንዚን የለውም። የሆስፒታሉ ኃላፊ፣ "ንብረት ማድረስ ያንተ ሥራ ነው" አሉኝ። ደም ንብረት መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። በረዶ የሚይዝ ዕቃ ሲጠፋ ከቤቴ የባለቤቴን የዘነበችን ባለአበባ ፔርሙስ አመጣሁ፤ የሠርጋችን ስጦታ ነው። ፒያሳ ካለ ቡና ቤት በረዶ ለመንኩና ሁለቱን ብልቃጦች ከተትኩ። በየብልቃጡ ላይ በፕላስተር ስም ተለጥፏል፤ የአያ ይማም በቀለም፣ የኔም በቀለም። አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ፔርሙሱን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረድን።

ኮምቦልቻ መግቢያ ኬላው ላይ "ውረዱ! ተፈተሹ!" ተባለ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ኬላው አላሰብኩም ነበር። አሁን ግን ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ በሰልፉ እየተጠጋ ሲመጣ፣ አንድ ሐሳብ እንደ በረዶ ውኃ በጀርባዬ ወረደ፦ ደም ይዣለሁ! በዚያ ዘመን፣ በዚያ መንገድ ላይ፣ በፔርሙስ የሰው ደም ይዤ ቆሜያለሁ። የሆስፒታሉ የድጋፍ ወረቀት ኪሴ ውስጥ አለ። ግን ፈሪ ሰው ወረቀት ትዝ አይለውም፤ ውሸት ነው ትዝ የሚለው።

"ምንድን ነው የያዝከው?"

"ሻይ" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የጠባቂው ፊት በራ። ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ቆሞ ያደረ ምስኪን ነው። ከኮቱ ኪስ የቆርቆሮ ኩባያ አውጥቶ፣ "እስቲ ቅዳልኝ ወንድሜ፤ እግዜር ይስጥህ" አለኝ።

"ለ… ለሕመምተኛ ነው" አልኩ።

"እኔስ ጤነኛ እመስልሃለሁ?"

ክዳኑን ፈትቼ አዘነበልኩለት። ኩባያው ውስጥ የወረደው ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊ ውኃ ነው። የስማችን ቀለም ሟሙቶ ኖሯል!

ጠባቂው ኩባያውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ኩባያውን ወደኔ ዘረጋ።

"ባለቤቱ ይቅመስ" አለ።

እናንተ፣ ይህ የአገራችን ወግ ስንቱን አስከብሮ ኖሯል! የቀዳ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ መርዝ አለመኖሩን ያሳያል። ደግ ወግ ነው፤ በኔ ላይ እስኪመጣ ድረስ። ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ደም እንደሚያደርቅ አውቃለሁ፤ ብልቃጡ ቢያፈስና የኔን አንጀት እንዳለ ቢያደርቀውስ? አልቀመስኩም። እንባዬ መጣ።

"ደም ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሰልፉ በአንድ ጊዜ ሰፋ። ከኋላዬ የቆመች የደጋን ከተማ ነጋዴ "ኧረ በነቢ!" ብላ ዶሮዎቿን ይዛ ሸሸች። ጠባቂው የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ ሆዴ አዞረ።

"የማን ደም?"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም፤ አያሰማኝ።

"አንዱ የኔ ነው።"

"ሌላውስ?"

"የአያ ይማም።"

"የት ናቸው አያ ይማም?"

"አልጋ ላይ… ተኝተው…"

"ምን አድርገሃቸው?"

እንዲህ እያልን፣ እኔ በመለስኩ ቁጥር ነገሩ እየከፋ፣ ወደ አዛዡ ቢሮ ተወሰድኩ። አዛዡ ብልቃጦቹን ከፔርሙሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው። ፕላስተሮቹ ተላቀው ባዶ ነጭ ሆነው በረዶው ላይ ይንሳፈፋሉ። አንዷን ብልቃጥ አነሣ፤ አስቀመጠ፤ ሌላዋን አነሣ፤ በብርሃን አያት፤ አገላበጠ፤ አስቀመጠ። እኔ በዓይኔ እየተከተልኩ "የኔ ያችኛዋ ናት፣ የእርሳቸው ያችኛዋ" እያልኩ ልይዝ ስሞክር እንባዬ ሁለቱን አራት አደረጋቸው። በቃ፤ ያኔ ተምታታ።

"ደማችን ወዴት ነው የሚላከው?" አለ አዛዡ። "ለኢምፔሪያሊስቶች ነው?"

"ኧረ ጓድ! ለምሥራቅ ጀርመን ነው!"

"ምሥራቅ?" ተነሥቶ ቆመ። "ለወንድም አገር ነው አትልም ታዲያ!"

ይኸን ጊዜ ወረቀቱ ትዝ አለኝና ከኪሴ አወጣሁ። የአውሮፕላኑም ድምፅ ከላያችን ተሰማ። አዛዡ የወንድም አገርን ጉዳይ እንዳላጓትት ብሎ፣ ያንኑ ጠባቂ ከነጠመንጃው አጃቢ አድርጎ ሰጠኝ። ፔርሙሴን አቅፌ፣ ከኋላዬ ጠመንጃ ተከትሎኝ፣ በኮምቦልቻ ዋና መንገድ ላይ ሮጥኩ። ለመረሸን የምወሰድ መስሎት ያየኝ ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ።

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ዶክተር ክላውስ መሰላሉ ላይ ነው። "ዶክተር! ስሙ ለቋል! የማን የማን እንደሆነ አይታወቅም!" ብዬ ጮህኩ። የአውሮፕላኑ ሞተር ያጓራል። "ጎበዝ! አንቺ ጎበዝ ነሽ!" ብሎ ብልቃጦቹን ከነበረዷቸው ወደ ሣጥኑ ገለበጠና ገባ። ባዶ ፔርሙስ አቅፌ ቀረሁ።

ማታ ቤቴ ስገባ ሰፈሩ ተሰብስቦ ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። "በጠመንጃ ወሰዱት" የሚለው ወሬ ከኔ አውቶቡስ ቀድሞ ሐረጎን ወጥቷል። ስታየኝ ጮኸች፤ ቀጥላ ፔርሙሱን አየችው።

"ደም ነክቶታል?"

"ትንሽ።"

እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ይኽኛው ለቅሶ ለፔርሙሱ መሆኑን አልጠራጠርም።

ክረምቱ አልፎ ዶክተር ክላውስ ተመለሰ። ቢሮው አስጠርቶኝ ሁለት ትልልቅ ፎቶግራፎች ዘረጋ። ግራጫና ጥቁር ናቸው። በአንደኛው ውስጥ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቷል፤ ሙሉ ከረጢት ይኼ ነው። በሁለተኛው ውስጥ ክብ ክብ ነገር አለ፤ መሐሉ ግን ነጭ ነው፤ ባዶ። አየኋቸው፣ አየኋቸውና የታረሰ ማሳና ያልታረሰ ማሳ ከገደል አፋፍ የማይ መሰለኝ።

"አስፕሪን ከረጢት አያጠፋም" አለ ዶክተሩ። "ይህ ሰው ሲፈጠር ነው። ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። እንግዲህ ባዶው የአያ ይማም ነው።"

"በምን አወቅህ?" አልኩት።

"አንቺ ጤነኛ ነሽ ብለሽ!"

ያን ጊዜ የኬላውን ታሪክ ከሥሩ ነገርኩት። ፀጉሩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ትልቁ መሣሪያ ጓዳችን ድረስ ገብቶ ጎታችንን ከፍቷል፤ የማን ጓዳ መሆኑን ግን አያውቅም።

እኔም እዚያው ወንበር ላይ ቀዘቀዝኩ። ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ስከርም፣ በሙቀቱ ነስር እያስቸገረኝ አክስቴ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ድንጋይ ታስቀምጥልኝ ነበር። ነስር! ለምን ነበር ነስሩ? ከረጢቴ ባዶ ሆኖ ነዋ!

ዶክተሩ ረጋ ብሎ አሰበና ቀላል መንገድ አለ አለ። አያ ይማም አስፕሪኑን ከልብ ይተዉ፤ ነርሷም ትራሳቸውን ትፈትሽ። ከዚያ ሁለታችንም ጆሯችን ጫፍ ላይ በመርፌ እንወጋለን፤ ደሙን በወረቀት እያስነኩ ቶሎ የሚቆመውንና የማይቆመውን ያያሉ። ሕመሙ የአያ ይማም ከሆነ፣ የደማችን ዓይነት አንድ ስለሆነ ለኦፕራሲዮኑ የሚሰጠው ትኩስ ደም ከኔ ይወሰዳል። የኔ ከሆነ ደግሞ እርሳቸው ያለ ስጋት ይቀደዳሉ።

"እኔ አልወጋም!" አልኩና ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አልነግራችሁም ብል ደስ ባለኝ። ጢሜን መላጨት ተውኩ፤ ምላጭ ነዋ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ምስማር ያለበት መደርደሪያ ጋ አልደርስም፤ ሰው ዕቃ ሲጠይቀኝ ከሩቅ በጣቴ እጠቁማለሁ። ሥጋ የምትቆርጥልኝ ዘነበች ናት። አፍንጫዬን በጥጥ ደፍኜ እተኛ ስለነበር በአፌ እየተነፈስኩ እንደ አያ ይማም አፏጭ ጀመር። ጎረቤት የተሳለ ቢላ ሊዋስ ከመጣ እኔ ጓሮ ነኝ። ድመታችንን እንኳ ጥፍሯን ብዬ ለዘነበች እህት ሰጠኋት። አይጥ ገባና ቤቱን ወረሰው፤ አይጥ ይነክሳል ብዬ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።

"እንግዲያው የአያ ይማምን ብቻ ውጉና እዩ" ብዬ ለዶክተሩ ላክሁ። ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አያ ይማም ግን እምቢ አሉ።

ሄጄ ለመንኳቸው። ፉጨታቸው ብሷል፤ ትራስ ተደርድሮላቸው ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት።

"አያ ይማም፣ እባክዎ እርስዎ ይወጉ። የርስዎ ሲታወቅ የኔም ይታወቃል እኮ።"

"አይሆንም" አሉ። "ዘመኔን ሙሉ ደም አስታርቄያለሁ። የደም ነገር… በአንድ ወገን አይፈረድም። ሁለቱም ወገን ይቀመጣል፤ ያኔ ነው እውነቱ የሚወጣ። አለዚያ ተበዳዩም… በዳዩም… አያምን።"

"እኔ እኮ ፈሪ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ፣ እጄን ያዝ አድርገው። "አብሽር። እጠብቅሃለሁ።"

እንግዲህ ነገሩን አያችሁልኝ? እርሳቸው እኔን ይጠብቃሉ፤ እንቅርቱ ግን እርሳቸውን አይጠብቅም። ሐኪሙን ከኔ ፍርሃት በቀር የሚያግደው የለም። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ያ ፉጨት በኮሪደሩ ይከተለኛል። እየጠላሁት መጣሁ፤ ቆሞ እንደሆነስ ብዬ ደግሞ ጆሮዬን አቀናለሁ።

አንድ ቀን ዘመድ አዝማድ ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ መጥቶ በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ለአያ ይማም ዱዓ ተያዘ። እርሳቸውንም ደግፈው አወጧቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በወሎ ግን ለዱዓ ሲቀመጡ የማን ነህ የሚል የለም፤ መዳፌን ዘርግቼ ከዳር ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ሲለምን እኔም በልቤ ለመንኩ። ምን ብዬ? "ጌታ ሆይ፣ ባዶው የእርሳቸው ይሁን" ብዬ።

ይህን በልቤ ስል ደነገጥኩ። ያ መሣሪያ ሐሳብ አያይም የተባለው እውነት እንዲሆን ያን ቀን ከልቤ ተመኘሁ።

ቀጥሎ አያ ይማም ራሳቸው እጃቸውን አነሡ።

"ያረቢ!" አሉ። "ባዶው ከረጢት… የኔ ይሁን። እኔ ጠግቤያለሁ… ልጆች አይቻለሁ። ያ የግምጃ ቤቱ ልጅ ግን… ፈሪ ነው፤ አይችለውም።"

"አሚን!" አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ።

እኔም "አሚን" አልኩ። ምን ልበል? ከዚያ ፊቴን በመዳፌ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ተነሥቼም ቀጥ ብዬ ዶክተር ክላውስ ጋ ሄድኩና "ውጉኝ" አልኩ። ጀግንነት አይደለም። ማፈር ከመፍራት በርትቶብኝ ነው።

በማግስቱ ጎን ለጎን አስቀመጡን። ነርሷ መርፌዋን ስታነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አያ ይማም እጄን ያዙኝ። ጆሮዬ ጠቅ አለኝ፤ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ፤ የማላውቀውንም ጠራሁ። ወረቀቱ ጆሮዬን ሲነካ ይሰማኛል፤ ሲነሣ ይሰማኛል። ነካ፤ ተነሣ። ነካ፤ ተነሣ። ደሜ በአንገቴ ወርዶ ጫማዬን የሞላው መስሎኝ እግሬን አንቀሳቅሼ አየሁ።

"ያንቺ ቆሟል" አለ ዶክተሩ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ወረቀቴ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ አለ፤ የኋለኛዋ ከሰናፍጭ አትበልጥም። ዘልዬ "ተመስገን!" አልኩ፣ ግቢው እስኪሰማ። ከዚያ ዞር ስል የአያ ይማምን ወረቀት አየሁ። ነርሷ ሞልቶባት ሌላ ይዛለች፤ ነጠብጣቡ አላነሰም። እርሳቸው ግን እጄን አልለቀቁኝም ነበር።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ፈገግ ብለው። "አየህ፣ ዱዓው ሠራ።"

እንዲያ ያለ መራራ ደስታ ቀምሼ አላውቅም።

"በይ ተኚ" አለኝ ዶክተሩ። "ደም ትሰጫለሽ።"

መርፌውን አሳየኝ። እናንተዬ! ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸኋት መርፌ ለዚህችኛዋ ልጇ አትሆንም። ወደ በሩ ሳማትር አያ ይማም፣ "ልጄ" አሉ፣ "ጎታህ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ባለ ሙሉ ጎታ… ጎረቤቱ ሲቸገር… በሩን ይዘጋል?"

ተኛሁ። ኦፕራሲዮኑ በሚደረግበት ቀን አንድ ጊዜ ሰጠሁ፤ ከቤተሰባቸውም የሆነላቸው ሰጡ። እኔ ራሴን ስቼ፣ ነቅቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዤ ጆሮዬን አቀናሁ። ፉጨቱ የለም። ሞቱ ብዬ ተነሥቼ ጮህኩ። ነርሷ ወጥታ ተቆጣችኝ፤ እንቅርቱ ወጥቶ፣ ደሙም ቆሞ፣ እርሳቸው እንደ ሕፃን ድምፅ ሳያሰሙ ተኝተው ኖሯል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ኩታበር ድረስ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንገታቸው ላይ ቀጭን ጠባሳ ብቻ ቀርቷል።

"አንተ ሰው ጉድ ሠራኸኝ" አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። "ደምህ ከገባ ወዲህ ፈሪ ሆንኩ! ነጎድጓድ ሲመታ ልቤ ትር ይላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ነበር።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ፣ አፍሬ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አሉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። "ባለፈው የገበያ ቀን ትንሹን ልጄን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ገና ከመድረሴ ልቤ ትር ትር አለ። ምንም የለም፤ ሰው ይሸጣል፣ ይገዛል። ዱሮ ቢሆን ንቄ አልፈው ነበር። 'ይኼ የዚያ የግምጃ ቤት ሰው ደም ነው' አልኩና ልጄን እጁን ይዤ በማሳው ውስጥ ቁልቁል ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ! ዞር ስል ገበያው በመኪና ተከቧል። ለውትድርና አፈሳ ነበር። የጎረቤቶቼ ልጆች… እነ ሙሔ፣ እነ ሰይድ… እስካሁን ወሬያቸው የለም።"



በዚህ መሐል ከደጅ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ትንሹ ልጅ የበረቱን በር ይመታል፤ በከንፈሩ ምስማር ነክሷል፣ በጣቱም ሌላ ይዟል። 'ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል' ያለው የዶክተሩ ቃል ትዝ አለኝና ከመቀመጫዬ ተስፈንጥሬ ወጣሁ።

"አስቀምጥ! ተው! አምጣው እኔ ልምታው!"

አያ ይማም ከበሩ ሆነው እየሣቁ ለልጃቸው፣ "ምን አልኩህ ልጄ፣ የፍርሃቱ ባለቤት ይኼው!" አሉ።

መዶሻውን ተቀበልኩ። ምስማር ይዤ አላውቅም፤ አነጣጥሬ መታሁና አውራ ጣቴን አገኘሁት። ደማ። ሦስታችንም ጣቴን ከበን ቆመን አየነው፤ ደሙ ቆመ። ሁለተኛውን ምስማር አነሣሁ።